የወንበሩ ዕቁብ

ጥር 1 ቀን 2061 ዓ.ም. ማለዳ ኑርልኝ ለምሰሶው መናገር አልነበረበትም። በዚያ ቀን ሥራ ይጀምራል፤ ሥራ ያለው ሰው ደግሞ ለምሰሶ አይናገርም። እናቱ ሶልያና ግን ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ለማንኛውም ብለህ እለፍ» አለችው።

«እማ፣ ዛሬ እኮ እጀምራለሁ።»

«ወንበሩ ላይ እስክትቀመጥ ሥራ ፈላጊ ነህ። ምን ይጎዳሃል? አፍህ አያልቅ።»

ምሰሶው ከሱቁ አጠገብ፣ መንገዱ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚያዘቀዝቅበት ጥግ ላይ ቆሟል። ኮምቦልቻ ውስጥ ትምህርቱን የጨረሰና ሥራ ያላገኘ ሁሉ በየማለዳው በአንዱ ምሰሶ በኩል ያልፋል። አንዱ የጥርስ ብሩሹን ጉንጩ ውስጥ ወትፎ፣ አንዷ ታናሽ ወንድሟን አዝላ፣ ሌላው እንቅልፉ ሳይለቀው በፒጃማ፣ «ሥራ እፈልጋለሁ» ይላሉ። ምሰሶው ድምፁን ለይቶ አረንጓዴ ብልጭ ሲል ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ጉንፋን የያዘው ሰው ቀድሞ ዝንጅብል አፍልቶ ይጠጣል፤ የታፈነ ድምፅ አይቆጠርም። ለጥቂት ቀናት ዝም ያለ ሰው ሥራ የማይፈልግ ተብሎ ይመዘገባል። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ ቢል የሚሰማው የለም።

ኑርልኝ «ሥራ እፈልጋለሁ» አለ። ምሰሶው ብልጭ አለ። እናቱ ከበሩ ሆና ብልጭታውን አይታ ምሳ ዕቃውን ልታመጣለት ገባች።

ነጭ ሸሚዙ ከትናንት ጀምሮ ተተኩሶ ተሰቅሎ ነበር። ጫማውን ሲያስር አጎቱ ናሆም ወንበሩን ከምሥራቁ ግድግዳ ወደ በሩ ጥግ ሲጎትት ሰማው። ናሆም በሃያ ሦስት ዓመቱ ወረቀቱ የተኛበት ሰው ነው። አሁን ሠላሳ ስምንት ሆኖታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት ትምህርት ከተጨረሰ በኋላ አምስት ዓመት ነቅቶ ይቆያል። በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ ሰውየው ግማሽ ዓመት ሙሉ ከሠራበት ወረቀቱ ይታደሳል፤ ካልሠራበት ይተኛል። ወረቀቱ የተኛበት ሰው ክፉ ነገር አይደርስበትም። ዱቄትና ዘይት እደጁ ይመጣለታል። ሲታመም ያሳክሙታል። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ምንም አይጠይቀውም፤ ቢጠይቅም ማንም አይቀጥረውም። ሰፈሩ እነዚህን ሰዎች «ዐራፊዎች» ይላቸዋል። ናሆም በጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፣ ከረፋድ በኋላ ጥላውን እየተከተለ ወንበሩን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲያዛውር ይውላል።

«ዛሬ ነው?» አለው ኑርልኝን።

«ዛሬ ነው።»

«ጎሽ።» ወንበሩን ትንሽ ገፋ አድርጎ ተቀመጠ።

የኑርልኝ ወረቀት ሰኔ 30 ይተኛል። ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ልክ ግማሽ ዓመት ነው። ዛሬ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ የሥራው ወንበር ላይ ካልተቀመጠ ቀኑ አይሞላም፤ ነገ ቢቀመጥ ደግሞ እንዳልተቀመጠ ነው።

ወንበሩ ያለው ከወንዙ ማዶ፣ ከክር ፋብሪካዎቹ በአንዱ ውስጥ ነው። አዳራሾቹ መብራት የላቸውም። ማሽን ለመሥራት ማየት አያስፈልገውምና ክሩ በጨለማ ይፈተላል፣ በጨለማ ይጠቀለላል፣ በጨለማ ተጭኖ ይወጣል። ሕጉ ግን በየአዳራሹ አንድ ሰው ይኑር ይላል። ሕጉ የወጣው በእሳት አደጋ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሰውን ላለማስቀየም ነው ይላሉ። ያ ሰው «ተገኚ» ይባላል። ከደረጃው በላይ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ፣ አዳራሹ ውስጥ ባለችው ብቸኛ መብራት ሥር ይቀመጣል። አዳራሹ በፈለገው ሰዓት «አሉ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም «አለሁ» ይላል። ሥራው ይኸው ነው።

ወንበሩ የአንድ ሰው አልነበረም። ኑርልኝና ዘጠኝ የክፍል ጓደኞቹ ትምህርት በጨረሱበት ሰሞን አስተማሪያቸው ጋሼ ሙባረክ ሰብስበዋቸው ነበር። «ከእናንተ መካከል ሥራ የሚያገኘው አንድ ሰው ነው። አንድ ካገኘ በዕድሉ ነው፣ ሁለት ካገኘ ግን በተአምር ነው» አሏቸው። «ስለዚህ ያገኘው ሰው ለዕቁቡ ያስገባው። አሥር ሰው፣ ለያንዳንዱ ግማሽ ዓመት፣ አምስት ዓመት። የማንም ወረቀት አይተኛም።» ተማማሉ። ስንዱ የምትባለው ልጅ ወንበሩን አገኘች፣ ግማሽ ዓመት ሠርታም ለዕጣ አወጣችው።

ሕጉ የማንኛውም ዕቁብ ሕግ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ጊዜውን ሲጨርስ እንደሚወጣ ዋስ ይጠራል። ዋስ የሚሆነው ገና ያልበላ ሰው ነው፤ የበላ ሰው የሚያጣው የለውምና ዋስትናው አያስፈራም። የበላው አልወጣም ካለ ዋሱ የራሱን ተራ ይከፍላል። ሰው በራሱ ላይ ይጨክን ይሆናል፤ ዋስ በሆነለት ጓደኛው ላይ ግን አይጨክንም ብለው ነው። ለአራት ዓመት ተኩል ማንም ማንንም አላሳፈረም።

ባለፈው ሐምሌ ሁለት ሰው ብቻ ቀረ፤ ኑርልኝና ይማም። ዕጣው ለይማም ወጣ። ጋሼ ሙባረክ ከልማድ «ዋስ ጥራ» አሉ። ይማም ግራና ቀኝ አየ። ሌሎቹ ሁሉ በልተዋል። ያልበላ ሰው አንድ ኑርልኝ ነበር፤ ይማም ባይወጣ የሚጎዳውም ያው ኑርልኝ ነው።

«እኔ ዋሱ ነኝ» አለ ኑርልኝ።

ሁሉም ሳቁ። ስንዱ «ዶሮ ለድመት ዋስ ሆነች» ብላ ይበልጥ አሳቀቻቸው። ነገሩ ያልገባው አልነበረም። ነገር ግን ከበሉት መካከል ሌላ ዋስ ይጨመር ማለት ይማምን በሰው ፊት ሌባ ነህ ማለት ነው። ያንን የሚናገር አፍ አልተገኘም።

*

ከታክሲዎቹ ሾፌርም ረዳትም ከጠፋ ቆይቷል፤ የረዳቱ ድምፅ ግን ቀርቷል። ታክሲው «የቀረ አንድ ሰው፣ የቀረ አንድ ሰው» እያለ ባዶውን መጣ። ኑርልኝ ብቻውን ተሳፍሮ ድልድዩን ተሻገረ።

የአዳራሹ በር ፊት ቆሞ ስሙን ተናገረ።

«የተገኚ ለውጥ አልተመዘገበም» አለው በሩ። ድምፁ ትሑት ነው፤ ደህና ሆቴል ያለ አስተናጋጅ ይመስላል። «ተገኚው በሥራ ላይ ናቸው።»

«የሳቸው ጊዜ ትናንት አልቋል።»

«ተገኚው መውጣታቸውን አላስታወቁም። መልካም ቀን ይሁንልዎት።»

ይማምን ደወለለት፤ አያነሳም። መልእክት ላከለት። መልእክቱ መነበቡ ታየው፣ መልስ ግን አልመጣም። ሸሚዙን ላለማቆሸሽ ግድግዳውን ሳይደገፍ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ወደ ጋሼ ሙባረክ ቤት ሄደ።

ጋሼ ሙባረክ ግቢያቸው ውስጥ ጎመን ውኃ ያጠጣሉ። ስንዱም እዚያው ናት፤ ዓይናቸው ስለደከመ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ታነብላቸዋለች። እሷም ዛሬ ለምሰሶው ተናግራ ነው የመጣችው፤ ወረቀቷ ከታደሰ አራት ዓመት ሆኖታል።

«ይማም አልወጣም» አለ ኑርልኝ።

ስንዱ ቀና አለች። ጋሼ ሙባረክ የውኃውን ዕቃ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

«አልወጣም ማለት? ዘገየ ነው?»

«አልወጣም። ስልክም አያነሳም።»

ሽማግሌው መልሱን እያወቁት «ዋሱ ማን ነበር?» አሉ።

«እኔ።»

«እንግዲያው…» አሉና የቆሸሸ እጃቸውን ካፖርታቸው ላይ ጠረጉ። «የበላ ሰው ካልወጣ ዋሱ በተራው ይከፍላል። አንተም በተራህ ከፍለሃል።»

«ተራዬን ይማም ወሰደው፤ ስለወሰደው እኔ ተራዬን እከፍላለሁ?»

«እንደ ሕጉ፣ አዎ። ዕቁቡ ከማንም የሚፈልገው የለም። ተዘግቷል።»

«ኧረ ጋሼ» አለች ስንዱ። «ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? በሬው ተሰረቀ፣ ባለበሬው ካሳ ከፈለ።»

«ሒሳቡ ልክ ነው የኔ ልጅ። ክፋቱም ልክ መሆኑ ላይ ነው።» ወደ ኑርልኝ ዞሩ፤ ዓይኑን ግን አላዩም። «እኔ ሄጄ ላናግረው? ያፍረኝ ይሆናል።»

«በሩ አያስገባዎትም።»

«እኔ ሳስተምር ይማም ፊደል ገልብጦ የሚጽፍ ልጅ ነበር። ግራኝ ነው ብለው ሲመቱት እኔ ነኝ ያስጣልኩት» አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ይህ ለማንም የሚረባ ነገር አልነበረም፤ እሳቸውም አውቀውት የውኃውን ዕቃ መልሰው አነሱ።

ስንዱ ኑርልኝን እስከ በሩ ሸኘችው። «ምን ይዘሃል?» አለችው ዕቃውን እያየች።

«ምሳ።»

«ምሳ ይዤ ነው ብለህ ጠይቅ። በሩ ለምሳ ይከፈታል። አዳራሹ ስለ ሰው የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ አለሁ እንደሚልና ምሳ እንደሚበላ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትለምነዋለህ። ትጮህበታለህ። እኔ እንጃ።» ትንሽ አመነታች። «ብቻ ከክፍሉ ብዙ አታርቀው። ሦስት ጊዜ ነው የሚጠራው፤ ሦስተኛውን ካልመለሰ ወንበሩ ባዶ ነው ይባላል። ወረቀቱም እዚያው ይተኛል፣ ግማሽ ዓመት ሠራሁ ቢል አይሰማም። እኔ አንድ ቀን ሽንት ቤት ሆኜ ጠርቶኝ ሱሪዬን በእጄ ይዤ ነው ሮጬ አለሁ ያልኩት።»

ኑርልኝ አልሳቀም። «ወንበሩ ባዶ ሲሆን ማን ይቀመጣል?»

«በር ላይ ቀድሞ የተገኘ ሰው» አለች ስንዱ፤ ወዲያው ደግሞ «አናግረው ነው ያልኩህ» ብላ ፊቷን አዞረች።

*

«ምሳ ነው?» አለው በሩ።

«ምሳ ነው።»

«ለተገኚው?»

ኑርልኝ ዕቃውን አየው። «ለተገኚው» አለ።

ውስጡ እንደ ሌሊት ነው። ማሽኖቹ አይታዩም፤ ድምፃቸው ግን ከወለሉ ተነስቶ እግር ውስጥ ይገባል። ትንንሽ ብናኞች ፊቱን እየነኩት በእጁ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ወደ መብራቱ ወጣ። ይማም የመስታወቱን በር ገርበብ አድርጎ ቆሞ ነበር። ግማሽ ዓመት ፀሐይ ያላየው ፊቱ ገርጥቷል። ጠጉሩ ላይ ብናኝ ስለተቀመጠ ያለ ዕድሜው የሸበተ ይመስላል።

«ግባ ልልህ አልችልም» አለ ጮክ ብሎ። «ክፍሉ ከአንድ ሰው በላይ አይቀበልም።»

«አውቃለሁ። ምሳ ይዤ ነው።»

«ለኔ?»

«እማ የሠራችው ነው። ለመጀመሪያ ቀኔ።»

ይማም ዕቃውን ተቀብሎ በሩን መዝጋት ይችል ነበር። እጁንም ዘረጋ። ከዚያ ግን ቆመ። የጓደኛውን ተራ መብላት ችሏል፤ ያመጣለትን ምሳ እሱን ደረጃ ላይ አቁሞ ብቻውን መብላት ግን ከየትም አልለመደውም። ወደ ኋላው ወንበሩን አየና ወጥቶ ከላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። በሩ ከኋላው ገርበብ እንዳለ ቀረ። ኑርልኝ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ዕቃውን መካከላቸው ከፈቱት። ጥብስ ፍርፍር ነበር።

«ጮክ ብለህ አውራ» አለ ይማም። «ጆሮዬ ከክሩ በቀር ምንም አይሰማም። ከክፍሉ ስወጣ ጭራሽ የራሴም ድምፅ ይጠፋኛል።»

«ለምን አልወጣህም?»

ይማም አንድ ሁለቴ ጎረሰ። «ይጣፍጣል» አለ። «ሰኔ ላይ ዓመት ልሞላ ነው ኑርልኝ። አዳራሹ ነግሮኛል። ዓመት የሞላው ሰው ቋሚ ይሆናል። ቋሚ የሆነ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ይኑር ብዬ ነው። ስንዱን አየሃት? ወረቀቷ ታደሰ። ታድሶ ምን አደረገላት? ሥራ እፈልጋለሁ ስትል ትውላለች። ስምንቱም እንደዚያው ናቸው። ዕቁባችን ያካፈለን ሥራ መስሎን ነበር፤ ያካፈለን ሰልፍ ነው። አሥራችንም ግማሽ ግማሽ ከምንሆን አንዳችን እንኳ ሙሉ ሰው ይሁን ብዬ ነው።»

«አንዱ አንተ ነህ።»

«ዕጣው ለኔ ወጣ።»

«ሌላኛው ዕጣ የኔ ነው ይማም። ዛሬ ካልገባሁ ወረቀቴ ይተኛል። አጎቴን ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ። ሠላምታ እንኳ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ጥላው እንዳያመልጠው ይቸኩላል።» ይማም ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «አላሰብኩህም ብዬ አልዋሽህም። ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ሐምሌን በሙሉ፣ ነሐሴን በሙሉ፣ እዚህ ተቀምጬ አንተን ሳስብ ነው የከረምኩት። አስቤ አስቤ ለመድኩት።»

ኑርልኝ እጁን ከምሳው ላይ አነሳ። ሊመታው ፈለገ። ቢመታው ግን ማታ ለእናቱ የሚነግራት ነገር አይለወጥም።

«ዋስህ ነበርኩ» አለ።

«ማን ሁን አለህ?»

«ማንም። ሁሉም ዝም ሲሉ ጊዜ…»

«እኔም እኮ ዝም ብያለሁ» አለ ይማም። «አንተ አትሁን ልል ነበር። ስትስቁ ጊዜ አፈርኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ… ከበሉት ሀሰን ወይም ትርሲት ዋስ ብትሆን ኖሮ ዛሬ እወጣ ነበር። ይህን ታምነኛለህ?»

«አሉ?»

ድምፁ የመጣው ከክፍሉ ውስጥ ነው። ለስላሳ ነው፤ አያስቸኩልም። ኑርልኝ ከይማም ትከሻ በላይ፣ በገርበብታው በኩል፣ ባዶውን ወንበር አየው። ይማም አልዞረም።

«ታምነኛለህ ወይ?» አለ ይማም ደግሞ።

«እኔ እንጃ» አለ ኑርልኝ።

«ለነገሩ ምን ለውጥ አለው። ጎርስ እንጂ፣ ብቻዬን አታስበላኝ።»

ኑርልኝ ጎረሰ። አፉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አልታወቀውም። ይማም ግንባሩን አጥፎ ስለ እህቱ ማውራት ጀምሯል፤ ከደሴ ባል ልታገባ ነው፣ ወንድሟ ሥራ እንዳለው ለአማቾቿ ተነግሯቸዋል፣ የታናሽየዋን የትምህርት ቤት ጫማ የገዛላት እሱ ነው።

«አሉ?»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው በምንም አይለይም። ኑርልኝ የይማምን ጆሮ አየ። ትንሽ ጆሮ ነው፤ ብናኝ እንደ አመዳይ ዙሪያውን ይዞታል። ከዚያ ጆሮ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። አሁን ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም፤ ተቀምጦ ማኘክ ብቻ ነው። በኋላ ቆጥሮ ማንም ጥፋተኛ ሊለው አይችልም፣ እሱ የተጠራ ሰው አይደለም። የመስታወቱ በር ያለው አምስት እርምጃ ላይ ነው። እናቱ ማታ ሸሚዙን ለነገ ታጥብለታለች።

«… እና አማቾቿ መጥተው ካላየነው ሲሉ ቋሚ ነው አልኳቸው። ገና ሳልሆን» ይል ነበር ይማም። «ዋሸሁ። መዋሸትም የሚለመድ ነገር ነው ለካ።» ከዕቃው ውስጥ የቀረውን ሥጋ ለቅሞ በኑርልኝ በኩል አደረገለት።

«አሉ?»

«እየጠራህ ነው» አለ ኑርልኝ። ይማም ስላልሰማው ኑርልኝ ጉልበቱን መታው። «ይማም። እየጠራህ ነው። ሦስተኛው ነው።»

ይማም እንዴት እንደተነሳ አልታየም። የምሳ ዕቃው ተንሸራትቶ ደረጃ ለደረጃ እየተንኳኳ ወደ ጨለማው ወረደ። ከክፍሉ ውስጥ «አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ» የሚል ተሰማ።

ከዚያ አዳራሹ ተናገረ፤ በዚህ ጊዜ በደረጃውም በክፍሉም እኩል የሚሰማ ድምፅ ነው።

«ተገኚው በሦስተኛው ጥሪ መልሰዋል። ተመዝግቧል። የተገኚው መስማት ቀንሷል። ተገኚው ጥሪ እንዳያመልጣቸው ከክፍሉ ውጪ አስታዋሽ ያስፈልጋል። የሥራ መደቡ ከዛሬ ጀምሮ ለግማሽ ዓመት ተከፍቷል።» ቀጠለ፦ «ደረጃው ላይ ያሉት ሰው ሥራ ፈላጊ ናቸው?»

ኑርልኝ ተነሳ። «ነኝ።»

«ሥራው፣ ተገኚው ሲጠሩ መንገር ነው። ዛሬ አንድ ጊዜ ነግረዋል።»

«ነግሬያለሁ።»

«ሦስቱንም ጥሪ ሰምተዋል። ከእንግዲህ በመጀመሪያው እንዲናገሩ ይጠበቃል።»

ይማም የመስታወቱ በር ላይ ቆሟል። ትንፋሹ ገና አልተመለሰም። ክፍሉ አጠገብ ስለሆነ ሁሉንም ሰምቷል። ኑርልኝ ቀና ብሎ አላየውም፤ የፈሰሰውን ፍርፍር በዓይኑ ሲከተል ቆየ።

«ሦስቱንም?» አለ ይማም።

«ሦስቱንም።»

«ስለ እህቴ ሳወራህ?»

«አዎ።»

«ሥራውን ይቀበላሉ?» አለ አዳራሹ።

«እቀበላለሁ» አለ ኑርልኝ።

«መልካም። ዋስ ያስፈልግዎታል። ዋሱ በሥራ ላይ ያለ ሰው መሆን አለበት። ዋስ አለዎት?»

ኑርልኝ የሚያውቃቸውን ሰዎች በሙሉ በሐሳቡ ዞራቸው። እናቱ ሥራ የላትም፣ ስንዱም የላትም፣ ጋሼ ሙባረክ ጡረታ ናቸው፣ ናሆም ዐርፏል። ሥራ ላይ ያለ የሚያውቀው ሰው አንድ ነው። እሱም በሩ ላይ ቆሞ እጁ ላይ የቀረውን ቅባት በሱሪው ይጠርጋል።

«ዋስ አለዎት?» አለ አዳራሹ ደግሞ።

ኑርልኝ ሊለምን ፈለገና ተወው። ይህን ያህል ለመለመን ጠዋት ነበር የሚሻለው። ታች አንድ ማሽን ክር ጨርሶ ቆመ፣ ተሞላ፣ ደግሞ ተነሳ።

«አለው» አለ ይማም። «እኔ ነኝ ዋሱ።»

በዚህኛው የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ተመዝግቧል» አለ አዳራሹ። «አስታዋሹ ቦታቸውን ይያዙ።»

ቦታው የት እንደሆነ አልነገረውም። ኑርልኝ ይማም ተቀምጦበት የነበረው የላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ገና አልቀዘቀዘም። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረው፤ ስንዱ ናት። «ሁለተኛ ወንበር ተከፍቷል የሚለው ማስታወቂያ እውነት ነው? ልጆቹ ዕቁቡን እንደገና እንጣል እያሉ ነው» ይላል መልእክቷ። መልስ ሳይሰጣት ስልኩን አጠፋው፤ ድምፁ ጥሪውን እንዳይሸፍንበት ፈራ።

ከኋላው የወንበር መንቀሳቀስ ሰማ። በሩ አልተዘጋም። ኑርልኝ ጀርባውን ወደ መብራቱ፣ ፊቱን ወደ ጨለማው አድርጎ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ሰኔ ድረስ እንዲህ መሆኑን ሊያስበው ሞከረና አልቻለም።

«አሉ?»

«ይማም» አለ ኑርልኝ፣ ቃሉ ከማለቁ በፊት።

«ሰምቻለሁ» አለ ይማም ወደ ደረጃው፣ ፊቱን ሳያዞር። ከዚያ ለአዳራሹ «አለሁ» አለ።